ሕልም እንደ ፈቺው ነው፦ ስለ ፓፕሪካ፣ ስለ ሰይጣን ቤት እና ስለ እኛ ስለ ተመልካቾቹ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ይቀመጥ፣ የቸኮለ ደግሞ ለማታ ያቆየው።

ባለፈው ሰሞን «ፓፕሪካ» የሚባለውን የጃፓን አኒሜሽን ፊልም እዚሁ ገጽ ላይ እንዲሁ በአንድ መስመር ጠቅሼው ነበር። ከዚያ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ መልእክት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። «ቲቸር፣ አየሁት፣ ግን ምን ማለት ነው?» «ቲቸር፣ ግማሹ ላይ ዘጋሁት፣ ራሴን አዞረኝ።» «ቲቸር፣ እውነት ይሄን ጤነኛ ሰው ነው የሠራው?» አንዱ ደግሞ «ኢንሴፕሽንን ገልብጠው ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።

የመጨረሻውን ቶሎ ልመልስና ልገላገል። ፓፕሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ኢንሴፕሽን በ2010። ኮራጅ ካለ እንኳ ጃፓኑ ሊሆን አይችልም።

«ምን ማለት ነው?» የሚለውን ግን በአንድ መስመር መመለስ አቃተኝ። እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም፤ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ በምችለው መንገድ ልሂድበት፦ ሰው ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ምስል ፊቱ ሲቆም ምን ይላል? በእኛስ አገር እስከ ዛሬ ምን ሲባል ኖረ?

መጀመሪያ ላላያችሁት ባጭሩ። ፓፕሪካ ሳቶሺ ኮን የሚባል ዳይሬክተር በያሱታካ ሱትሱይ ልቦለድ ላይ ተመሥርቶ የሠራው የ90 ደቂቃ ፊልም ነው። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫልም ለውድድር ቀርቦ ነበር። «ዲሲ ሚኒ» የምትባል ጭንቅላት ላይ የምትደረግ ትንሽ መሣሪያ አለች፤ ሐኪሙ በእሷ አማካይነት የታማሚውን ሕልም ገብቶ ያያል። ዶክተር ቺባ የምትባል ቁጥብ ሐኪም በሕልም ዓለም ውስጥ ፓፕሪካ የምትባል ቀይ ፀጉር ያላት ተጫዋች ልጅ ትሆንና ታማሚዎችን ትረዳለች። መሣሪያዋ ተሠርታ ሳታልቅ፣ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚል ቁልፍ እንኳ ሳይበጅላት ትሰረቃለች። ሌባው የአንዱን ሕልም በሌላው ጭንቅላት ውስጥ መልቀቅ ይጀምራል። ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሪጁ፣ እንቁራሪቱ፣ አሻንጉሊቱ፣ የቤተ መቅደሱ በር፣ የነጻነት ሐውልት ሳይቀር በከበሮና በመለከት ታጅቦ በአንድ ሰልፍ ይተማል። ሰልፉ ከሰው ሕልም ወደ ሰው ሕልም እያለፈ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ ቶኪዮ ጎዳና ላይ በጠራራ ፀሐይ ይወጣል።

ጥያቄው ሲበዛብኝ አንድ ቅዳሜ ማታ እዚህ ጅማ፣ በቾ ቦሬ፣ ሳሎኔ ውስጥ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ጎረቤትም ተማሪም ሰበሰብኩ። ዘጠኝ ሰው ሆንን። መብራትም አላሳፈረንም። ከሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተከተልኩ አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን በኦሮምኛ አስረዳ ነበር። ሰልፉ ሲመጣ ግን እኔም ዝም አልኩ፤ የሚተረጎም ነገር አልነበረውም። ያን ምሽት የተባለውን ሁሉ አልዘረዝርም። አራት ሰዎች ያሉትን ብቻ ልንገራችሁ፤ ከእያንዳንዳቸው ጀርባ ታሪክ አለና።

*

መጀመሪያ የተናገሩት ልጃቸውን ተከትለው የመጡ አንዲት ጎረቤታችን እናት ናቸው። እንቁራሪቶቹ መለከት እየነፉ ብቅ ሲሉ «አስተግፊሩላህ! ይሄ እኮ የሸይጣን ጭፍራ ነው!» አሉ። ወጣቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እኚህ እናት ሳያውቁት የአገራችንን የመጀመሪያ የፊልም ሂስ መድገማቸው ነበር።

የሉሚዬር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ ለከፈለ ሕዝብ ፊልም ያሳዩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ዓድዋ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይቆይ መሣሪያው ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገባ። ንጉሡ እንደምታውቁት አዲስ ነገር አይፈሩም። ፊልም ከግቢ ወጥቶ ለከተማው ሰው መታየት ሲጀምር ግን ሌላ ስም ወጣለት። የአዲስ አበባ ሕዝብ ሲኒማ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» አለው። ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረው ቤት በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል።

ይሄን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪ ሁሌ ይስቃል። «ያኔ ሰው አልነቃም ነበራ!» ይላል። ቆይ እስቲ። ጨለማ ቤት ውስጥ ገብተህ አካል የሌለው ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድ ብታይ፣ ከዚያ በፊት ፎቶግራፍ እንኳ አይተህ ባታውቅ፣ ምን ብለህ ትጠራዋለህ? አካል ሳይኖረው ለሚታይ ነገር ሕዝቡ የነበረው ቃል እሱ ነው። ሰውየው አልተሳሳተም፤ ያየውን ባለው ቃል ጠራው።

ፈረንጆቹም ስለ ራሳቸው ተመሳሳይ ወሬ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ የፓሪስ ተመልካቾች ባቡር ወደ እነሱ ሲመጣ አይተው ከወንበራቸው ተነሥተው ሸሹ ይባላል። ዛሬ የፊልም ታሪክ አጥኚዎች ይሄን ይጠራጠሩታል። የባቡሩ ፊልም በዚያ በመጀመሪያው ምሽት ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልነበረም። ታዲያ ወሬው ለምን እንዲህ ተስፋፋ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ኋላ የመጣ ተመልካች የፊተኛውን ሞኝ ሲያደርገው ራሱ ብልህ የሆነ ስለሚመስለው ነው። የሰይጣን ቤትን ታሪክ የምንተርክበትም ድምፅ እንዲሁ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጎረቤታችን «ጭፍራ» ሲሉ ልክ ነበሩ። ጃፓኖች «ሂያኪ ያግዮ» የሚሉት ጥንታዊ ተረት አላቸው፤ የመቶ አጋንንት የሌሊት ሰልፍ ማለት ነው። ይሄ ሰልፍ በረጃጅም ጥቅልሎች ላይ ተሥሏል፤ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የቀሩ ጥቅልሎች ዛሬም አሉ። በጥቅልሎቹ ላይ ከሚሰለፉት ብዙዎቹ አሮጌ የቤት ዕቃዎች ናቸው። በተረቱ፣ ዕቃ መቶ ዓመት ሲሞላው ነፍስ ይዘራል፤ አውጥቶ የጣለውን ባለቤቱንም ይቀየማል። እንግዲህ ሳቶሺ ኮን ፍሪጁን ያሰለፈው እንዲሁ ለማስገረም አይደለም። አያቶቹ የሣሉትን ሰልፍ በእሱ ዘመን ዕቃ ሞላው።

እኛስ ብንሆን? ዓይን ብቻ የሆነ ፊት፣ ከፊቱ ስምንት ክንፍ የሚወጣበት ሥዕል በብራና ጥቅልል ላይ የሣሉ የጠልሰም ደብተራዎች የእኛው አይደሉም እንዴ? እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) ፓሪስ ሄዶ የሕልም ዓለም ሠዓሊዎችን ሥራ ሲያይ ባዕድ አልሆነበትም። ያን ከጠልሰሙ ጋር አዋሕዶ ነው ስሙን ያስጠራው፤ አዲስ አበባ ተመልሶም በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። «እንዲህ ያለ ዝብርቅርቅ ነገር በእኛ ባህል የለም» ለሚለኝ ሰው መልሴ ይሄ ነው፦ በቤታችን አለ፣ ጥቅልሉን የሚከፍት ነው የጠፋው።

*

ሁለተኛው ተናጋሪ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ፊልሙ ላይ ሺማ የሚባሉ ሽማግሌ የክፍል ኃላፊ አሉ። ረጋ ብለው ሲያወሩ ቆይተው ድንገት ንግግራቸው ይለወጣል። ድምፁ የባለሥልጣን ነው፣ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፣ ትርጉም ግን ጠብ አይልም። እንደዚያ እያሉ ሮጠው በመስኮት ይዘላሉ። ጎረቤቴ ይሄን ሲያዩ «እንዴ! ይሄ ካድሬ ነው!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰልፉ ሲመጣ ግን ሳቃቸው ጠፋ። «እዚህ ሰልፍ ውስጥ እኔም ነበርኩበት» አሉን።

ለወጣቶቹ ማስረዳት ነበረብኝ። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ነው። ኢሠፓ የተመሠረተውም ያኔ ነው። አዲስ አበባ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ በቀይ ባንዲራ፣ በመሪዎች ምስልና በቅስት በር አሸብርቃ ነበር። በዚያው ሰዓት ወሎና ትግራይ ሰው በረሃብ እያለቀ ነው። ጅማም ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች ሰልፉ አልቀረላትም። ጎረቤቴ ያሉትን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «እኔ መፈክር ተሸክሜ ነበር። ምን ይል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ከኋላው ነበርኩ።»

ይሄን ከሰማሁ በኋላ ሰልፉን ደግሜ ሳየው ቀድሞ ያላየሁት ነገር ታየኝ። በፓፕሪካ ሰልፍ ውስጥ በግድ የሚጎተት የለም። ሁሉም ይስቃል፣ ይጨፍራል። ተመልካቹም ሙዚቃው ይወስደዋል፤ እግራችን ሳናስበው ምት መምታት ጀምሮ ነበር። የሚያስፈራው እሱ ነው።

ለነገሩ ቅዠትን ከአብዮቱ ጋር አያይዞ ያሳየን የራሳችን ሰው አለ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ላይ አንበርብር ከጀርመን ወደ መንደሩ ሲመለስ ትዝታና ቅዠት ይቀላቀሉበታል፤ ተመልካቹም የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። ያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያው ቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ያኔም «አይገባም፣ ወዲያ ወዲህ ይዘላል» ያሉ ሰዎች አውቃለሁ። ያን ዘመን ያለፈ ሰው ትዝታው ራሱ እኮ ወዲያ ወዲህ ይዘላል።

*

ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። «እኔ እኮ ታሪኩን አውቀዋለሁ» አለ። «ቴሌግራም ላይ በአማርኛ ሲተረክ በዐሥር ደቂቃ ሰምቼዋለሁ። ሌባው ማን እንደሆነ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ይሄን አላየሁም ነበር።» ትንሽ አሰበና «ታዲያ ምኑን ነው ያወቅሁት?» አለ። ልጁን ወደድኩት።

የእኔ ትውልድ ፊልም ያየው ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ መሃል ላይ አንድ ቴሌቪዥን። በጅማም፣ በአጋሮም፣ በሊሙ ገነትም እንዲሁ ነበር። በተለይ የህንድ ፊልም ሲሆን ቤቱ ይሞላል። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ጀግናው ቦምቤይ ጎዳና ላይ ቆሞ ልጅቷን አይቶ ዐይኑን ጨፈን ሲያደርግ በረዶ የለበሰ ተራራ ላይ ይገኛል። ልብሱ ተለውጧል፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ አርባ ሰዎች ከኋላው ይጨፍራሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ተመልሶ ጎዳናው ላይ ነው። «ይሄ እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። እናቶቻችን ያለቅሱ ነበር፣ በቃ። ሕልም መሆኑን ያውቁታል፤ ማንም እንዲያብራራላቸው አልፈለጉም።

አሁን ግን በሁሉ ነገር ላይ አብራሪ አለ። ፊልሙን ሳናየው ትርጉሙ ይደርሰናል። ትርጉም ፊልምን መናቄ አይደለም፤ ብዙ እናቶችና አባቶች የሆሊውድን ፊልም የተከታተሉት በተርጓሚዎቹ ትከሻ ነው። የእኔ ነገር ተርጓሚው ለእኛ ማየት ሲጀምር ነው።

በታሪክ መነጽር ካያችሁት ደግሞ ጃፓንን ራሷን ስንተረጉማት ኖረናል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከፊታቸው ያደረጉት እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ደርሰው መጡና በ1924 ዓ.ም. ያዩትን በመጽሐፍ አሳተሙ፤ ርእሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ነው። ከበደ ሚካኤል ደግሞ በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ያን የቀደመውን ትውልድ «ጃፓናይዘርስ» ይሉታል። ነጭ ያልሆነ፣ ንጉሡን ያልጣለ፣ ግን ፋብሪካና መርከብ ያለው አገር ሲያዩ «ይሄ የእኛ ሕልም ነው» አሉ። አልፈርድባቸውም፤ በዚያ ዘመን ብኖር እኔም ያን እል ነበር።

ሕልሙ ግን ክፉኛ ነው የተፈታው። ፋሺስት ጣልያን ከወረረን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ማብቂያ ላይ፣ ጃፓን ወረራውን ተቀበለች። የጃፓን ሰው ብርሃን ብቻ እንዳልሆነ፣ እሱም የራሱ ጥቅምና የራሱ ጨለማ እንዳለው ኢትዮጵያውያኑ በዚያ መንገድ ተማሩ።

ፓፕሪካ ውስጥ ያለችው ጃፓን አያቶቻችን የተመኟት ጃፓን ናት። ፎቁ አለ፣ ማሽኑ አለ፣ ፍሪጁ አለ። ከሰልፈኞቹ አንዳንዶቹ ጭንቅላታቸው ሞባይል ስልክ ነው፤ እየተጎነበሱ የሴቶችን ቀሚስ ሥር ፎቶ ያነሣሉ። ይሄ የተሣለው አይፎን ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት መሆኑን ስነግራቸው ተማሪዎቹ ስልካቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ። አያቶቻችን ጃፓንን እንደ ሕልም አዩ፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ጃፓን ራሷ ያየችውን ሕልም፣ ቅዠቱንም ጨምረው፣ እያዩ ነው። ከተቀዳ መጽሐፍ ይልቅ ከዚህ ብዙ ይማራል ብዬ አምናለሁ።

*

አራተኛዋን ለመጨረሻ ያቆየኋት በምክንያት ነው።

ከአጋሮ ወዲያ ካሉት የቡና መንደሮች የመጣች ወጣት ሴት ናት። አሁን እዚህ በቾ ቦሬ ከዘመዶቿ ጋር ትኖራለች። ሳዑዲ ነበረች። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያ ሲባረሩ ከተመለሱት አንዷ ናት። ፊልሙን ሙሉ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሲያልቅ ሁሉም «ፍሪጁ ለምን ሄደ? ምንድን ነው እሱ?» እያለ ሲከራከር ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦

«እኔ ይሄን ሕልም ሪያድ አይቼዋለሁ። ፍሪጁ፣ ካውያው፣ መጥረጊያው ማሽን ተሰልፈው ይከተሉኝ ነበር። እኔ ወደ አገሬ እሄዳለሁ፣ እነሱም ከኋላዬ። ቤታችን በር ላይ ስደርስ ዞር ብዬ አያለሁ፤ አሉ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዘጠኛችን ፊልሙ በደንብ የገባው ለማን እንደነበር ያኔ አወቅን። እኔ ስለ ሂያኪ ያግዮ ያነበብኩትን ነው የማውቀው። እሷ ኖራበታለች።

በኋላ የጉዞዋን ነገር አጫወተችኝ፤ እንድጽፈውም ፈቅዳልኛለች። ልጅ ሆና የምታየው ሕልም ነበራት፤ ትልቅ ነጭ ቤት፣ ብዙ ክፍል፣ እሷ ከክፍል ክፍል ስትሄድ። ይሄን ለጓደኛዋ ታወራለች፣ ጓደኛዋ ለደላላው። ደላላው መጣና ፈታላት፦ «ያ ቤት የአንቺ ነው። ዐረብ አገር ነው ያለው። ሁለት ዓመት ሠርተሽ እዚህ ትሠሪዋለሽ።» አባቷ ገና ያልተለቀመ ቡና ሸጦ ከፈለ። ስትደርስ እውነትም ትልቅ ነጭ ቤት ነበር፣ ብዙ ክፍልም ነበረው። ሁሉንም የምታጸዳው እሷ ናት። «ሕልሙስ አልዋሸም፣ ቲቸር» አለችኝ። «ፈቺው ነው የዋሸው።»

*

እንግዲህ «ምን ማለት ነው?» ወዳላችሁት ልመለስ። አገራችን ውስጥ ይሄን ጥያቄ የሚያህል የተጠና ጥያቄ የለም። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» እንላለን። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ «እንግዲያው የፈለግከውን በል፣ ሁሉም ልክ ነው» ማለት ይመስለዋል። ሽማግሌዎቹ ያሉት ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ሕልም አፍ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ባዶ አየር ላይ ነው፤ የፈታው ሰው ወደ መሬት ያወርደዋል። ሙስሊም ወገኖቻችንም ይሄንኑ በሐዲስ ያውቁታል፦ ሕልም እስኪፈታ ድረስ በወፍ እግር ላይ እንዳለ ነገር ነው፣ ሲፈታ ይወድቃል። ለዚህ ነው ጅማ ውስጥ ሰው «ሕልም አየሁ» ሲል ሰሚው ሌላ ነገር ከመናገሩ በፊት «ኸይር ያድርገው» የሚለው። መጀመሪያ መሬቱን ያለሰልስለታል።

ክብረ ነገሥትን አስታውሱ። ሰሎሞን ፀሐይ በእስራኤል ላይ ስታበራ ቆይታ ተነሥታ ወደ ኢትዮጵያ ስትሄድ በሕልሙ ያያል። እኛ ይሄን በደስታ ነው የምናነበው። ሰሎሞን ግን ደንግጦ ነው የነቃው። አንድ ሕልም ነው፤ ለአንዱ ጥዋት፣ ለሌላው ማታ ሆነ።

ከዚያ ደግሞ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ያደግን ሁላችን የምናውቀው የግብፁ ንጉሥ ሕልም አለ። ከሲታ ላሞች የሰቡ ላሞችን ይበላሉ። ላም ላምን ስትበላ! እስቲ ይሄን ሣሉትና በአኒሜሽን አሳዩኝ፤ ከእንቁራሪቶቹ ሰልፍ በምን ያንሳል? ግን ከልጅነታችን ስለሰማነው «ዝብርቅርቅ» አንለውም። የንጉሡ አማካሪዎች ናቸው ያሉት። «የተምታታ ሕልም ነው፣ አናውቀውም» ብለው ተዉት። ዮሴፍ፣ የሙስሊሞቹ ዩሱፍ፣ ባይኖር ኖሮ አገሩ በረሃብ ያልቅ ነበር። «አልገባኝም» ማለት ነውር የለውም። «አልገባኝምና የለም» ማለት ግን እህል ያስከፍላል።

ፓፕሪካ ውስጥም ሁለት ዓይነት ፈቺ አለ። አንዱ የድርጅቱ ሊቀ መንበር ነው። «ሕልም ቅዱስ ነው፣ ማሽን ሊነካው አይገባም፣ ጠባቂው እኔ ነኝ» ይላል። መጨረሻ ላይ የሁሉንም ሕልም ሊገዛ የተነሣው እሱ ራሱ ሆኖ ይገኛል። ሌላዋ ፓፕሪካ ናት። ኮናካዋ የሚባል መርማሪ ፖሊስ አለ፤ አንድ ሕልም እየተመላለሰ ያሠቃየዋል፣ ፊልም የሚባል ነገርም ይጠላል። ፓፕሪካ «ሕልምህ ይሄ ነው» ብላ አትነግረውም። አብራው ትቀመጣለች፣ አብራው ታያለች፣ ትጠይቀዋለች። ሰውየው ራሱ ደረሰበት፦ በ17 ዓመቱ ከጓደኛው ጋር የጀመረውና ጥሎት የሄደው ፊልም ነበር። ጓደኛው ሞቷል። በመጨረሻው ትዕይንት ኮናካዋ ብቻውን ሲኒማ ቤት በር ላይ ይቆምና የአንድ ሰው ቲኬት ይቆርጣል።

ሳቶሺ ኮን ከዚህ በኋላ ሌላ ሙሉ ፊልም አልጨረሰም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 በ46 ዓመቱ በካንሰር ሞተ።

ለተማሪዎቼ የምመልሰው እንግዲህ ይሄን ነው። የፊልሙን ትርጉም እኔ አልነግራችሁም፣ የዐሥር ደቂቃውንም ተራኪ አትጠይቁት። እኚያ እናት ጭፍራውን አዩ፣ ጡረተኛው መፈክሩን አየ፣ ተማሪው ስልኩን አየ፣ እሷ ደግሞ ፍሪጁን። አራቱም ያዩት እዚያው ስክሪኑ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ማናቸውም ከኪሳቸው አልጨመሩም። እናንተም ሂዱና እዩት፣ ከዚያ ከሚሰማችሁ ሰው ጋር ተቀመጡ።

ከፊልሙ ውጪ ያለው ደግሞ ይበልጣል። በዚህ ሰዓት በየቡና መንደሩ ልጆች ስልክ ላይ የሰው ቤት፣ የሰው መኪና፣ የሰው አገር እያዩ ነው። ሕልም ማየታቸው አያስፈራኝም፤ ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም። የሚያስፈራኝ ሕልሙን የሚፈታው ማን እንደሆነ ነው። ወላጆች፣ አስተማሪዎች፣ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጁ «እንዲህ አየሁ» ሲል «ዝም በል፣ ቅዠት ነው» ካልነው ፈቺ ፍለጋ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ደላላው ደግሞ ሁሌም ጊዜ አለው፣ ያዳምጣል።

ፊልሙን ያያችሁ ከሥር ኮሜንት ላይ የትኛው ምስል ከእናንተ ጋር እንደቀረ ጻፉልኝ። «ምን ማለት ነው» አትበሉኝ፣ ምን እንዳያችሁ ንገሩኝ። ሁሉንም አነባለሁ።

ሕልማችሁን ሁሉ ኸይር ያድርገው። ሰላም እደሩ።